ለንግድ ሕንፃ የኤልኢዲ ዲመር አመራረጥ፦ ድሬዳዋ ላይ ለሚሠሩ ባለሕንፃዎችና ኤሌክትሪሻኖች

ኮርኒሱ ተዘግቷል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ፓነሉና ዳውንላይቱ ተሰቅሏል። ከዚያ ባለቤቱ "ይሄ መብራት በዛ፣ ቀነስ የሚያደርግ ማብሪያ አስገቡልኝ" ይላል። ኤሌክትሪሻኑ ሱቅ ሄዶ ዲመር ገዝቶ ይገጥማል። ማታ ሲሞከር መብራቱ ይርገበገባል፣ ወይ ሲር ይላል፣ ወይ ግማሹ ሲጠፋ ግማሹ ይበራል። ዲመሩም መብራቱም ለየብቻ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ አብረው እንዲሠሩ ታስበው አለመገዛታቸው ነው። ምርጫው መጀመር ያለበት የመስመሩን ኃይል ለኤልኢዲው በሚስማማ መልክ ቀይሮ መብራቱን ከሚመግበው፣ ድራይቨር ከሚባለው ዕቃ ነው፤ የግድግዳው ማብሪያ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ተጨማሪ ክብደት አለው። መብራት የሚበላው እያንዳንዱ ዋት ውሎ አድሮ ክፍሉ ውስጥ ሙቀት ይሆናል፤ ያንን ሙቀት ደግሞ ኤሲው ከፍለንበት ያወጣዋል። አንድ ፎቅ ላይ 36 ዋት የሆኑ 60 ፓነሎች አሉ እንበል፤ 2,160 ዋት ናቸው። በአማካይ በ60 በመቶ ቢበሩ 864 ዋት ይቀንሳል፣ በቀን 10 ሰዓት ከሆነ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ኤሲው በአንድ ዋት ሦስት ዋት ያህል ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ ከእሱም ላይ ወደ 288 ዋት ይቀንሳል። ደጋ ላይ ያለ ሕንፃ ይህን ሁለተኛውን ትርፍ እምብዛም አያገኘውም።

1ኛ ደረጃ፦ ሕንፃውን በየሰዓቱ ዞሮ ማየት

ምንም ሳይገዙ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሕንፃውን በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይዙሩት፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። የድሬዳዋ የሥራ ቀን እንደ አዲስ አበባው አይደለም። በጠዋት ይጀመራል፣ ከምሳ በኋላ ሐሩሩ ሲበረታ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ይከፈታል፣ የከተማዋ ሰፈሮች ከዚራም መጋላም የሚደምቁት አመሻሽ ላይ ነው። ከሌላ ከተማ የተቀዳ የሰዓት ፕሮግራም እዚህ አይሠራም። የገበያ ማዕከል ኮሪደር ሱቆቹ በተዘጉበት በዚያ የቀትር ክፍተት ሙሉ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ለጥበቃና ለጽዳት የሚበቃ ካለ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት መብራት እንዳለ፣ እስከ የት ድረስ መደብዘዝ እንዳለበት፣ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ የቀን ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ ይጻፉ። የላይኛውን ልክ ለማወቅ ኢኤን 12464-1 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለቢሮ የጽሕፈት ሥራ 500 ሉክስ (ቦታው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ ለሱቅ የሽያጭ ቦታ 300፣ ለኮሪደር 100 ይላል። በሉክስ ሜትር መለካት ይሻላል፤ የስልክ አፕ የሚያሳየው ግምት ነው።

የታችኛው ልክ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓይናችን ብርሃንን እንደ መለኪያ አይቆጥርም። መሣሪያው 10 በመቶ ሲል ለዓይን የሚታየው የሙሉው ሲሶ ያህል ነው፤ ለዓይን አንድ አሥረኛ እንዲመስል መብራቱ እስከ 1 በመቶ መውረድ አለበት። ካርቶኑ ላይ "እስከ 10 በመቶ ይደበዝዛል" የተባለ ዕቃ ለቢሮ፣ ለክሊኒክና ለኮሪደር ይሆናል። ፕሮጀክተር ለሚበራበት የስብሰባ አዳራሽ፣ ለሰርግ አዳራሽ፣ ለሆቴል ሬስቶራንት አይበቃም፤ ለእነዚህ እስከ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሚወርድ ድራይቨር ይጠይቁ።

ዲመር የማያስፈልጋቸውን ክፍሎች በድፍረት ይሰርዙ። መጋዘን፣ ሽንት ቤት፣ የጀነሬተር ክፍል፣ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሰው ሲገባ የሚያበራ ሴንሰር ይበቃቸዋል። የአደጋ ጊዜ መብራትና የመውጫ ምልክት ደግሞ ከዲመር ጋር ምንም መስመር መጋራት የለባቸውም። ብዙ ሕንፃ ላይ እንዲህ ሲጣራ ዲመር በእውነት የሚፈልገው ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለተሻለ ድራይቨር ያውሉት።

2ኛ ደረጃ፦ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ማወቅ

ብሬከሩን ያጥፉ፣ በቴስተር ያረጋግጡ፣ ካቻቪቴ ይዘው አንድ ማብሪያ ይፍቱና ከኋላው ያለውን ይቁጠሩ። በአብዛኛው የሚያገኙት ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ ከብሬከር የመጣ ፌዝ፣ ሌላው ወደ መብራቱ የሚሄድ። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በቀጥታ በስካቶላው (ሽቦዎች በሚገናኙበት ሳጥን) በኩል ወደ መብራቱ ስለሚሄድ ማብሪያው ሳጥን ውስጥ የለም። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ምርጫ ትዘጋለች፤ አብዛኛው የዋይረለስ ማብሪያ ለራሱ መሥሪያ ኒውትራል ይፈልጋል። ቀጥሎ ኮርኒሱን በአንድ ቦታ ከፍተው ከስካቶላው ወደ መብራቱ ስንት ሽቦ እንደሄደ፣ ኮንዲዩቱ (የሽቦው ቱቦ) ተጨማሪ ሽቦ የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው ይዩ።

ሱቅ ወይም ካፌ የሆኑ የድሮ የከዚራ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ለመቆጣጠሪያ ሽቦ ብሎ መቦርቦር ወጪውም ጉዳቱም ብዙ ነው። እነዚህ ላይ ያለውን ሁለት ሽቦ የሚጠቀም ወይም በዋይረለስ የሚሠራ መንገድ ይታሰባል። ሳቢያንም ሆነ ሌላ ቦታ ገና ግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ከሆነ ግን ልስኑ ሳይመታ ወደ እያንዳንዱ የመብራት ቡድን ባለ አምስት ሽቦ ኬብል ያስገቡ፤ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ግራውንድና ሁለት ለመቆጣጠሪያ። ዛሬ ዲመር ባይገዙም ያስገቡት። ኮርኒስ ከተዘጋ በኋላ የሚገባ ሽቦ ዋጋው የሽቦው ሳይሆን የኮርኒሱ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የማደብዘዣውን ስልት መምረጥ

የመጀመሪያው በየሱቁ የሚሸጠው ባለማዞሪያ ዲመር ነው። የ220 ቮልቱን ሞገድ እየቆረጠ ይሠራል። ከሞገዱ መነሻ የሚቆርጠው ትራያክ የሚባለው ነው፤ የተሠራው ለድሮው ባለክር አምፖል ነው። ከሞገዱ መጨረሻ የሚቆርጠው ለኤልኢዲ የተሻለ ነው፤ ድምፁም ይቀንሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አዲስ ሽቦ አይፈልግም። ጣጣው ግን ብዙ ነው። ዲመሩ ትንሹ ጭነት 40 ዋት የሚል ከሆነና እርስዎ 5 ዋት የሆኑ አምስት ስፖት ላይቶች ካሰሩበት፣ 25 ዋት ብቻ ስለሆነ መርገብገቡ አይቀርም። ትልቁ ጭነትም እንደዚያው፤ ጥንቁቅ አምራች ለባለክር አምፖልና ለኤልኢዲ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይጽፋል፣ የኤልኢዲው በጣም ያንሳል። አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን ለኤልኢዲ አይግዙት። በዚያ ላይ ይህ ዲመር ሥራውን የሚያሰላው ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው፤ ጀነሬተር ሲነሳ ሞገዱና ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ከተዛባ በቆጣሪው ኃይል ደህና የነበረው መብራት ይንቀጠቀጣል። መብራት እየጠፋ ጀነሬተር በሚነሳበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይህን ስልት የምመክረው ሽቦ መጨመር ለማይቻልበት የድሮ ቤት፣ ያውም ለአንድ ካፌ ወይም ለአንድ ሱቅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ። የጣሪያ ፋን መቆጣጠሪያ የመብራት ዲመር አይደለም፤ የመብራት ዲመርም ለፋን አይሆንም። ማዞሪያቸው ስለሚመሳሰል ሲቀያየሩ ይታያል፤ አንዱ ድራይቨር ያቃጥላል፣ ሌላው የፋን ሞተር ያግላል።

ሁለተኛው ከ1 እስከ 10 ቮልት ወይም ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚባለው ነው። ድራይቨሩ 220 ቮልቱን ሙሉውን ሁልጊዜ ያገኛል፤ ምን ያህል እንዲበራ የሚነገረው በሁለት ቀጭን ሽቦዎች በሚሄድ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። 10 ቮልት ሙሉ ብርሃን፣ 1 ቮልት ትንሹ። ሞገድ መቁረጥ ስለሌለ ጀነሬተሩም ብዙ አያስቸግረውም። ለመካከለኛ የድሬዳዋ ሕንፃ፣ ለቢሮ ፎቅ፣ ለባንክ ቅርንጫፍ፣ ለመማሪያ ክፍል፣ ከሁሉ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ሲበላሽ ማንኛውም ኤሌክትሪሻን በመልቲሜትር ብቻ ያገኘዋል። ሁለቱን ቀጭን ሽቦዎች ከዲመሩ ይፍቱ፤ መጀመሪያ 220 ቮልት እንዳልተቀላቀለባቸው በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ጫፎቻቸው ሳይነካኩ ክፍት ሲሆኑ መብራቱ ሙሉ ይሆናል፤ ሁለቱን ጫፍ ሲያነካኳቸው ወደ ትንሹ ይወርዳል። ይህን ካደረገ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፣ የሚቀየረው ዲመሩ ነው። ካላደረገ ድራይቨሩ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተበላሽቷል። ኮምፒውተር የለም፣ ፕሮግራም የለም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉት። ሽቦዎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አላቸው፤ አንዱ ድራይቨር ላይ ከተገለበጡ አብረው የታሰሩት ሁሉ ይዛባሉ። 220 ቮልት በስህተት ከገባባቸው ድራይቨሩ ይቃጠላል። ከ1 እስከ 10 ቮልት የሚለው መብራቱን እስከ መጨረሻው አያጠፋውም፤ ለማጥፋት በ220ው መስመር ላይ ማብሪያ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያስፈልጋል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ ስለሚቀንስ የአዳራሹ መጨረሻ ያሉት መብራቶች ከመጀመሪያዎቹ ጋር እኩል ላይደበዝዙ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቡድኑ በሽቦ የታሰረ ነው። ፓርቴሽን ፈርሶ ሁለት ቢሮ አንድ ሲሆን ሽቦውም ኮርኒስ ተከፍቶ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ፑሽ ዲም ነው፤ ለአነስተኛ ክፍል በጣም ያምረኛል። ግድግዳው ላይ እንደ በር ደወል ተጭኖ የሚመለስ ተራ ማብሪያ ይገጠማል፤ አንዴ ነካ ሲደረግ ያበራል ያጠፋል፣ ተጭኖ ሲያዝ ያደበዝዛል። ፌዝና ኒውትራል ወደ ድራይቨሩ በቋሚነት ይሄዳሉ፣ ከማብሪያው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሽቦ። ማብሪያው ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ነገር ግን ብዙ ድራይቨር ባለበት ክፍል አይጠቀሙበት፤ ከጊዜ በኋላ አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፣ እንደገና ማስማማት ይጠይቃል። ለሥራ አስኪያጅ ቢሮ፣ ለሐኪም ክፍል፣ ለእንግዳ ማረፊያ ክፍል ይሁን።

አራተኛው ዳሊ ነው፤ ዝርዝሩ በአይኢሲ 62386 ደረጃ የተቀመጠ ዲጂታል ስልት። እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱ ቁጥር አለው፤ በአንድ መስመር ላይ እስከ 64 ድራይቨር፣ 16 ቡድን፣ 16 የተዘጋጀ የብርሃን ገጽታ። ቡድኑ የሚወሰነው በፕሮግራም ስለሆነ ፓርቴሽን ሲፈርስ ኮርኒስ አይነካም። ሽቦዎቹ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የላቸውም፤ በመስመርም በቅርንጫፍም መሄድ ይችላሉ፣ ዞሮ መግጠም ግን የለባቸውም። ከ220ው ጋር በአንድ ባለ አምስት ሽቦ ኬብል ውስጥ መሄድ ይችላሉ፤ ሲነኩ ግን እንደ 220 ቮልት ሽቦ ይጠንቀቋቸው፣ ከንክኪ አደጋ ነፃ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ርቀቱ በ1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ከ300 ሜትር አይበልጥ። የመስመሩ ኃይል ሰጪ የሚያወጣው ቢበዛ 250 ሚሊአምፔር ነው፤ እያንዳንዱ ድራይቨር እስከ 2 ይወስዳል፣ ሴንሰርና ዘመናዊ ማብሪያ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ 64ቱንም ቦታ አይሙሉ፤ 50 አካባቢ ላይ ቆመው ሁለተኛ መስመር ይክፈቱ፤ ሆቴል ሁሌ መብራት ይጨምራል።

ዳሊን ለማን እመክራለሁ? የስብሰባና የሰርግ አዳራሽ ላለው ሆቴል፣ ውስጡ በየጊዜው ለሚቀያየር የኪራይ ቢሮ ፎቅ፣ ሴንሰር በብዛት ለሚገጠምበት ትልቅ ሕንፃ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ወይም ሐረር መኖር አለበት። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ ያ ሕንፃ በሁለተኛው ዓመት ሁሉንም መብራት በሙሉ ብርሃን እያበራ ይኖራል። ሲገዙም ዳሊ 2 የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ የተለያየ አምራች ዕቃ እርስ በርሱ እንዲግባባ በምርመራ የተረጋገጠው እሱ ነው።

ዋይረለሱ፣ ብሉቱዝ ሜሽም ይሁን ዚግቢ፣ ሽቦ ማስገባት ለማይቻልበት ቦታ እውነተኛ መፍትሔ ነው። ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ወፍራም ግድግዳ ያዳክማቸዋል፤ መብራቶቹ ምልክቱን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ስለሚያሻግሩ በመካከላቸው ብዙ ርቀት አይኑር። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል ወይ? ግድግዳ ላይ የሚጫን ማብሪያ አለው ወይ? የመቆጣጠሪያው አካውንት በባለቤቱ ስም ነው ወይስ በገጣሚው ስልክ ላይ? አንዱ እንኳ መልሱ ካላማረዎት ይተዉት።

በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራው ስትሪፕ ላይት ለብቻው ይታያል። የሚደበዝዘው ከረንቱን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ በሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ ፍጥነት ከ3,000 ኸርዝ በላይ ይሁን፤ ሰርግ የሚቀረጽበት አዳራሽ ከሆነ በተለይ፣ ዝቅተኛው ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል።

4ኛ ደረጃ፦ ድራይቨሩን ማንበብ

ሻጩን "ዲም ያደርጋል?" ብቻ ብለው አይጠይቁት፤ ሁሉም አዎ ይላል። "በምን ዓይነት ዲመር? እስከ ስንት በመቶ?" ይበሉት፤ መልሱንም ድራይቨሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያረጋግጡ። እዚያ ላይ ትንሽ ነጥብና ቲሲ የሚል ጽሑፍ ከ75 ወይም 85 ዲግሪ ጋር ያገኛሉ። ያ ነጥብ የድራይቨሩ አካል ከዚያ ሙቀት ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል፤ አምራቹ ቃል የገባው ዕድሜም ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ክፍተት ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚግል የገባ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ድራይቨሩን ጣሪያው ሥር ከማንጠልጠል አየር በሚያገኝበት፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡት፤ በጥጥ ወይም በፎም አይሸፈን። የሙቀት መለኪያ ያለው መልቲሜትር ካለዎት መብራቱን ሦስት ሰዓት አብርተው፣ ኮርኒሱን ዘግተው፣ ከሰዓት በኋላ ነጥቡ ላይ ይለኩ።

የሚቀበለውንም ቮልቴጅ ያንብቡ። የእኛ ደረጃ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ግን መስመሩ ሲወርድ ሲወጣ ሁላችንም እናየዋለን። ከ198 እስከ 264 ከሚለው ይልቅ ከ100 እስከ 277 የሚለው ሲወርድ ይችላል። ለሬስቶራንት ደግሞ ሲደበዝዝ ወደ ቢጫነት የሚሄድ መብራት ልዩ ዓይነት መሆኑን ይወቁ፤ ተራው ኤልኢዲ ደብዝዞም ያው ነጭ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ብሬከሩንና መብራት ተመልሶ የሚመጣበትን ቅጽበት ማሰብ

የኤልኢዲ ድራይቨር ሲበራ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። 20 ድራይቨር በአንድ ላይ ሲነሱ ዋታቸው ትንሽ ሆኖ ሳለ ብሬከሩ ሊወርድ፣ የሪሌው ጥርስም ሊጣበቅ ይችላል። ጥሩ አምራች በአንድ 16 አምፔር ብሬከር ስንት ድራይቨር እንደሚታሰር ሠንጠረዥ ይሰጣል፤ ሥራውን በዋት ሳይሆን በዚያ ሠንጠረዥ ይከፋፍሉ፤ ቢ ከተባለው ብሬከር ሲ የተባለው ይሻላል። በዋናው ቦርድ ላይ የሰርጅ መከላከያ ያስገቡ፤ መብራት ሲመጣ የሚገባው ምት ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው ድራይቨሮቹን ነው።

ዳሊ ላይ አንድ የተረሳ ቅንብር አለ። ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ድራይቨሩ በምን ያህል ብርሃን ይነሳ የሚለው ካልተነካ 100 በመቶ ነው። ሆቴል ኮሪደር ላይ ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሲመጣ ፎቁ ሁሉ ቦግ ይላል፣ በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን እንግዳ ይቀሰቅሳል። ለኮሪደር 30 በመቶ፣ ለደረጃ ከዚያ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

6ኛ ደረጃ፦ ሳይገዙ በአንድ ክፍል መሞከር

ሙሉውን ከማዘዝዎ በፊት ለአንድ ክፍል የሚበቃ ብቻ ይግዙና ማታ ይሞክሩ፤ በቆጣሪ ኃይል፣ ከዚያ በጀነሬተር። ይህን ደረጃ እንዳይዘሉ እለምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው፣ ይህ እውነቱ ነው።

ከ100 ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ትንሹ ያውርዱ። መብራቶቹ እኩል ይወርዳሉ? አንዱ ቀድሞ ይጠፋል? ትንሹ ላይ አድርገው ያጥፉ፣ እንደገና ያብሩ፤ በትንሹ ይነሳል ወይስ ቦግ ብሎ ይወርዳል? ክፍሉን ጸጥ አሰኝተው ጆሮዎን ወደ ዲመሩ አስጠግተው ያድምጡ። ከዚያ የስልክዎን ካሜራ በዝግታ መቅረጫ ላይ አድርገው ወደ መብራቱ ያዙሩ፤ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተንቀሳቀሰ ከታየ መርገብገብ አለ። እዚህ አገር ጣሪያ ላይ ፋን ስላለ ሌላ ግሩም መፈተሻ አለን። ፋኑን በመካከለኛ ፍጥነት ያስነሱና መብራቱን ወደ 20 በመቶ ያውርዱ፤ ክንፎቹ ተሰባብረው፣ የቆሙ ወይም ወደ ኋላ የሚዞሩ መስለው ከታዩ ያ ድራይቨር ለዚያ ክፍል አይሆንም። ሰው ከሥሩ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ሊሠራ ነው፤ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ይከተላል። በቁጥር ለሚፈልግ፣ በ2015 የወጣው አይትሪፕልኢ 1789 የተባለው የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ምክር በ100 ኸርዝ ለሚርገበገብ መብራት አነስተኛ ሥጋት ያለው ልክ 8 በመቶ መዋዠቅ እንደሆነ ያስቀምጣል፤ 100 ኸርዝ ደግሞ ከእኛ 50 ኸርዝ መስመር የሚመጣው መርገብገብ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር የያዘ ወረቀት ካለው ይቀበሉት።

ሙከራውን ያለፈውን ድራይቨርና ዲመር ሞዴል ቁጥር አንድ በአንድ ይጻፉ፤ የተለጠፈበትንም ወረቀት ፎቶ ያንሱ። ትዕዛዙ ላይ "ተመሳሳይ" የሚል ቃል እንዳይገባ፤ ቁጥሩ ራሱ ይግባ። ከዚህ ሞዴል ጥቂት ትርፍ ድራይቨር አብረው ይግዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሞዴል ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል፣ ሌላ ሲገባ ደግሞ አንዱ መብራት ከጎኑ ካሉት ተለይቶ ይታያል።

7ኛ ደረጃ፦ ገጠማና ርክክብ

ዝርጋታው ኢቢሲኤስ 10 በተባለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ኮድ መሠረት ይሁን፤ ግራውንድ የሌለው የብረት ፓነል እንዳይቀበሉ። ከ1 እስከ 10 ቮልት ያለው የመቆጣጠሪያ ሽቦ ከ220ው ጋር በአንድ ኮንዲዩት መሄድ ይችል እንደሆነ የድራይቨሩ መመሪያ ይናገራል፤ ካልተናገረ ለዩት። የመቆጣጠሪያ ሽቦ ቀለም ከፌዝና ከኒውትራል የተለየ ይሁንና በሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን።

በርክክብ ቀን ባለቤቱ ሦስት ነገር በእጁ መያዝ አለበት፤ የትኛው ድራይቨር የት እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል፣ የዳሊ ከሆነ የፕሮግራሙ ፋይል በፍላሽ፣ ዋይረለስ ከሆነ የአካውንቱ የይለፍ ቃል። ማብሪያዎቹ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ይጻፍ፤ "ስብሰባ"፣ "ፕሮጀክተር"፣ "ጽዳት"፣ በአማርኛና በሠራተኛው ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ሶማሊኛም ከሆነ በእነሱ። አራት ቁልፍ ይበቃል፤ አሥር ቁልፍ ያለበት ሳህን ላይ አስተናጋጁ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

የቀን ብርሃን ሴንሰር ከገጠሙ ከወር በኋላ ተመልሰው ያስተካክሉት። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ የተስተካከለ የሰሜን መስኮት ሴንሰር ሰኔ ላይ መብራቱን ከሚገባው በላይ ሊያደበዝዝ ይችላል፤ የደቡቡ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በሁለቱም ወቅት አንድ ጊዜ በሉክስ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ለክተው፣ ሴንሰሩን አስተካክለው፣ ቁጥሩንና ቀኑን ሥዕሉ ላይ ይጻፉት።